ስለ ባይኖራል ቢት ለጠየቁን ነርስ እህታችን

ጤና ይስጥልኝ እህታችን። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሌሊት ተረኛ ነርስ እንደሆኑ፣ ጠዋት ከሥራ ገብተው ሲተኙ እንቅልፍ እምቢ እንደሚልዎ፣ ጓደኛዎ የላከችልዎትን «ቴታ» የሚል ርእስ ያለው፣ ባይኖራል ቢት የተባለ (ለሁለቱ ጆሮ በጥቂቱ የሚለያዩ ድምፆችን በማሰማት ያረጋጋል፣ ያስተኛል የሚባል) ድምፅ ስልክዎን ትራስ አጠገብ አስቀምጠው ለሦስት ሳምንት ያህል እንዳዳመጡና ለውጥ እንዳላዩ ጽፈዋል። ከዚያም ሦስት ነገር ጠይቀዋል፤ ነገሩ በእርግጥ ይሠራል ወይ፣ አእምሮን ይጎዳል ወይ፣ በየወሩ ለሚያስከፍለው አፕስ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ። በቀረጻ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ በማቀናበር አሥራ አንድ ዓመት ስለሠራሁ፣ እኔም እንቅልፍ አጥቼ ይህንኑ ነገር ከአንድ ዓመት በላይ ስለሞከርኩት፣ የማውቀውንና ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በስልኩ ስፒከር ያዳመጡት ድምፅ ባይኖራል ቢት አልነበረም። ክራር ሲቃኝ አይተው ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባዎታል። ክራሩን ከኪቦርድ ጋር ስናስማማ፣ ክሩ ከሚፈለገው ድምፅ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው ው…ው…ው እያሉ ይርገበገባሉ፤ ክሩን ቀስ እያልን ስናጠብቀው መርገብገቡ እየዘገየ ይሄድና ድምፆቹ አንድ ሲሆኑ ጨርሶ ይጠፋል። ይህ መርገብገብ አየር ላይ የሚፈጠር ትክክለኛ የድምፅ ከፍና ዝቅ ማለት ስለሆነ ማይክራፎን ይቀርጸዋል። አንዱ ድምፅ በሰከንድ 200 ጊዜ፣ ሌላው 206 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ በባለሙያ አነጋገር 200 ሄርዝና 206 ሄርዝ ማለት ነው፣ በሰከንድ 6 ጊዜ ሲርገበገብ እንሰማዋለን። ከትራስዎ አጠገብ ሲሰሙት የነበረው ይህ ነው።

ባይኖራል ቢት ግን ሁለቱ ድምፆች አየር ላይ እንዳይገናኙ ተደርጎ፣ 200 ሄርዙ በግራ ጆሮ ብቻ፣ 206 ሄርዙ በቀኝ ጆሮ ብቻ ሲገባ የሚሰማ ነው። በዚህ ጊዜ መርገብገቡን የሚፈጥረው አንጎል ራሱ ነው። ከሁለቱ ጆሮዎች የሚመጣው መልእክት መጀመሪያ የሚገናኝበት የአንጎል ግንድ ክፍል፣ ድምፅ ወደ የትኛው ጆሮ ቀድሞ እንደደረሰ እያነጻጸረ ከወዴት እንደመጣ ይነግረናል፤ መንገድ ስንሻገር የታክሲው ጥሩንባ ከግራ ይሁን ከቀኝ የምናውቀው በዚሁ ነው። ያ ክፍል ሁለት በጥቂቱ የሚለያዩ ድምፆች ሲመጡለት ልዩነታቸውን እንደ ምት አድርጎ ያሰማናል። ጄራልድ ኦስተር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ይህን ነገር በ1839 ያገኘው ዶቭ የተባለ ጀርመናዊ መሆኑን ጠቅሶ፣ ምቱ በደንብ የሚሰማው ድምፆቹ 440 ሄርዝ አካባቢ ሲሆኑ እንደሆነ፣ ከ1000 ሄርዝ በላይ እንደሚጠፋ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ከ30 ሄርዝ ገደማ ካለፈ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ሆነው እንደሚሰሙ አስረድቷል። ስለዚህ «የ5000 ሄርዝ ባይኖራል» የሚል ርእስ ካዩ፣ ያዘጋጀው ሰው የሚሸጠውን ዕቃ አያውቀውም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ስጀምር ከስልኬ ጋር የነበረው ኤርፎን አንደኛው ጎኑ የተበላሸ ስለነበር፣ ዘፈን ሲከፈት ግማሹ እንዳይቀርብኝ ብዬ የስልኩን ቅንብር ከፍቼ፣ አክሰሲቢሊቲ በሚለው ክፍል ውስጥ ያለውን «ሞኖ ኦዲዮ» አብርቼው ነበር። ይህ ቅንብር የግራውንና የቀኙን ድምፅ ቀላቅሎ ለሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት አድርጎ ይልካል። ከዚያ ደህና ሄድፎን ገዛሁ፣ ቅንብሩን ግን ረሳሁት። ለአምስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ያንን ጠንካራ መርገብገብ እየሰማሁ፣ «አቤት ሲሠራ!» እያልኩ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። አንድ ቀን የግራውን ጆሮ ከፍቼ ከባለቤቴ ጋር ስነጋገር መርገብገቡ በቀኙ ጆሮ ብቻ እንደነበረ መቀጠሉን አስተዋልኩ። ድምፅ የሙያዬ ሆኖ ሳለ ያን ያህል ጊዜ መሸወዴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ መፈተኛው ቀላል ነው። ሄድፎኑን ያድርጉ፣ ድምፁን ይክፈቱ፣ ከዚያም አንዱን ጎን ከጆሮዎ አንሡ። መርገብገቡ በዚያው ቅጽበት ጠፍቶ ዝም ያለ፣ ያልተቆራረጠ ወጥ ድምፅ ብቻ ከቀረ በእርግጥ ባይኖራል ነው። ካልጠፋ ግን ድምፁ ተቀላቅሏል፤ ጥፋቱ የስልኩ ቅንብር፣ በደንብ ያልገባ የኤርፎን ገመድ፣ ወይም ሲዘጋጅ ጀምሮ የተቀላቀለ ፋይል ሊሆን ይችላል። ትክክለኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር አለኝ። ምቱ ደካማ ነው፤ ከጆሮ የሚገባ ሳይሆን ከራስ ቅል መሀል የሚመጣ ይመስላል፤ ልብ ብለው ካላዳመጡትም ያመልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። ሻጮቹ የሚሉት፣ የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ስንነቃ፣ ስንረጋጋና ስንተኛ ፍጥነቱ ስለሚለያይ፣ ከ4 እስከ 8 ሄርዝ ያለውን ቴታ የሚባለውን ምት ከሰማን አንጎላችን ያንን ተከትሎ ወደ እንቅልፍ ዳር ይወርዳል ነው። የሞገዶቹ መኖር ሐቅ ነው፤ በኢኢጂ መሣሪያ ይለካሉ፤ ይህን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። አንጎል የተሰማውን ምት ይከተላል የሚለው ግን በጣም የሚያጠራጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ፕሎስ ዋን በተባለው መጽሔት የወጣ ግምገማ ይህንኑ የመረመሩ 14 ጥናቶችን አሰባስቦ ሲያይ፣ አምስቱ ሐሳቡን ደግፈዋል፣ ስምንቱ ተቃርነዋል፣ የአንዱ ውጤት ድብልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢኒውሮ መጽሔት የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ባይኖራል ቢትን ከተራው፣ ጆሮ ሳይደርስ ከሚቀላቀለው መርገብገብ ጋር አነጻጽሮ፣ አንጎል ይበልጥ የተከተለው ተራውን እንደሆነ፣ ከሁለቱ አንዳቸውም ግን የሰዎቹን ስሜት እንዳልለወጡ አገኘ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ በስሕተት አምስት ሳምንት የሰማሁት ለካስ የተሻለው ነበር።

ሆኖም «ባዶ ማታለል ነው» ብዬ መዝጋት አልፈልግም፤ በሌላው ወገን ያለው ማስረጃም መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2005 አኔስቴዥያ በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው የተዘጋጁ 108 ታካሚዎችን በሦስት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን ባይኖራል ቢት ያለበትን ድምፅ፣ ሁለተኛውን ያንኑ ድምፅ ባይኖራል ቢቱ ተቀንሶለት አሰማ፣ ሦስተኛውን እንዲሁ ተወው። የፍርሃታቸው መለኪያ በመጀመሪያው ቡድን በ26.3 በመቶ፣ በሁለተኛው በ11.1 በመቶ፣ በሦስተኛው በ3.8 በመቶ ቀነሰ። ነርስ እንደመሆንዎ ይህ ጥናት ይስብዎታል ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችን ደምሮ ያየ አንድ የ2019 ትንተናም ፍርሃትንና ሕመምን በመቀነስ ረገድ መካከለኛ የሚባል ጥቅም አግኝቷል። እኔ ከሁለቱ ወገን የተረዳሁት፣ አንዳንድ ሰው እንደሚረጋጋበት፣ የሚረጋጋበት ምክንያት ግን ማስታወቂያው የሚለው የአንጎል ሞገድ ላይሆን እንደሚችል ነው።

ይህ ጥርጣሬ ስላልለቀቀኝ በራሴ ላይ ልሞክረው ተነሣሁ። ሁለት ፋይል አዘጋጀሁ፤ በአንዱ ግራው 200፣ ቀኙ 206 ሄርዝ፣ በሌላው ሁለቱም ጎን 200። ባለቤቴ «ሀ» እና «ለ» ብላ ስም ሰጠችልኝ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነገረችኝም። በሁለተኛው ማታ ጆሮዬ ለየው፤ ሙከራውም በዚያው ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የቀረጽኩትን ዝናብ በላዩ አደረግሁበትና፣ ምቱ ከዝናቡ ሥር ተቀብሮ ለማይታወቅበት ደረጃ ዝቅ አደረግሁት። ለአንድ ወር ያህል በየማታው ስንት ሰዓት እንደተኛሁና ጠዋት እንዴት እንደነቃሁ በደብተር ጻፍኩ። ባለቤቴ ስሞቹን ስትገልጥልኝ በ«ሀ» እና በ«ለ» ማታዎች መካከል የማየው ልዩነት አልነበረም። አንድ ሰው በአንድ ደብተር ያደረገው ነገር ነውና ማስረጃ ብለው እንዳይዙብኝ። ነገር ግን ከደብተሩ ሌላ ነገር አገኘሁ፤ በደንብ የተኛሁባቸው ማታዎች በሙሉ ስልኩን ሳሎን ትቼ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር ላይ ሃያ ደቂቃ ዓይኔን ጨፍኜ የተቀመጥኩባቸው ነበሩ። ድምፁ ያደረገልኝ ነገር ቢኖር ሃያውን ደቂቃ ሳልነሣ እንድጨርስ ማገዝ ነው። ሐሳብ ሲመጣ የምመለስበት ነገር ይሰጠኛል፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ለከበደው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለእርስዎ የምመክረው ከዚህ የተነሣ ነው። በተኙበት ከማዳመጥ ይልቅ፣ ከሥራ ገብተው ከታጠቡ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሄድፎን፣ ከጎን ሰው ቢናገር ሊሰሙ በሚችሉበት ዝቅተኛ ድምፅ ለሃያ ደቂቃ ይሞክሩት። ትንፋሽዎን ሲያስወጡ ከሚያስገቡት ረዘም ያድርጉት። ምቱን ለመያዝ አይታገሉ፤ ከተሰማ ይሰማ። ከዚያ ሄድፎኑን አውልቀው ይተኙ። ቀን ላይ ለሚተኛ ሰው ግን የበለጠ የሚጠቅመው መጋረጃውን አጨልሞ፣ ከውጭ የሚመጣውን «ቆራሌው» እና «ልዋጭ» የሚሸፍን ወጥ የዝናብ ወይም የቬንትሌተር ድምፅ ነው፤ ለዚህ ስፒከርም ይበቃል። ከዩቲዩብ አይጠቀሙ፤ ፓኬጅዎን ከመጨረሱም በላይ፣ ልክ ዓይንዎ ከድኖ ሲል የሚጮኸው ማስታወቂያ የሃያ ደቂቃውን ልፋት ያበላሸዋል።

ጉዳትን በተመለከተ፣ ከሁሉ ይልቅ የምፈራው የድምፁን ከፍታ ነው። ሰው ምቱ አልሰማ ሲለው ድምፁን ይጨምራል፤ ወጥ ድምፅ ደግሞ ከፍ ማለቱ ሳይታወቅ ጆሮን ይደበድባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው፤ ለመረጋጋት የሚደመጥ ድምፅ ደግሞ ከዚያ እጅግ ዝቅ ማለት አለበት። መኪና እየነዱ አይዳመጥም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምረው። ጆሮው ውስጥ ጭው የሚል ድምፅ ያለበት ወይም ሲያዳምጠው ራሱን የሚያዞረው ሰው ይተወው፤ በግድ የሚለመድ ነገር አይደለም። በአስተያየት መስጫው ላይ አንድ ወንድማችን «ከእምነታችን ጋር ይጋጫል» ብለው ጽፈዋል፤ በእኔ እይታ ሁለት ወጥ ድምፅ ጸሎትም ድግምትም አይደለም፣ ሆኖም ልብዎ ካልተቀበለው የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ እንጂ እኔን አይስሙኝ።

ስለ ክፍያው፣ አንድ ብር አያውጡ። በኮምፒውተር በነፃ በሚገኘው አውዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም አንድ ትራክ ላይ የ200 ሄርዝ ድምፅ ፈጥረው ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላ ትራክ ላይ የ206 ፈጥረው ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ ሲፈጥሩ የድምፁን መጠን 0.8 ላይ ስለሚያገኙት ወደ 0.1 ያውርዱት፤ ስቴሪዮ አድርገው ያስቀምጡት፤ አለቀ። በየወሩ የሚያስከፍሉት አፖች መሠረታቸው ይኸው ነው። «528 ሄርዝ ዲኤንኤ ይጠግናል» የሚሉትማ ከእነ አፓቸው ይቅሩብን።

የእኔን ፋይል ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ ዝናቡም አለበት። አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ የአማቴ ዶሮ ይጮኻል፤ ልቆርጠው አስቤ ተውኩት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እሱን ሳልሰማ ያደርኩበት ማታ አልነበረም፤ አሁን ከሰማሁት ብዙ ወር ሆኖኛል።