ስምንት ነበር

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ ቡና ላይ መጥታ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። የጨርቅ ንድፍ ነው የምትማረው። «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዓመት ጥለትና አበባ ሲነድፉ ሀሳቡን ከየት ነበር የሚያመጡት?» አለችኝ። እኔም አፌ ላይ እንደመጣልኝ «ከተፈጥሮ ነዋ ልጄ! በመስከረም ሀሳብ ይጠፋል እንዴ?» ብዬ በእጄ ወደ ጨፌው አመለከትኳት። አመስግናኝ ሄደች። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የነገርኳት ግማሹ እውነት ስለሆነ «ዋሽቼሻለሁ» ብዬ ልመልሳት እንኳ አይመችም። ስለዚህ ቀሪውን ግማሽ ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምትጠይቁኝ ልጆችም በጽሑፍ ላድርገው አልኩ።

የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። ጡረታ ስወጣ የከተማው ጫጫታ ሰለቸኝና ወደዚህ ተሻገርኩ። በዚህ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከጨፌው ላይ ሲነሳ አጥሩ ሥር፣ የቦዩ ዳር፣ የድንጋይ ካቡ ስንጥቅ ሁሉ ቢጫ በቢጫ ነው። ባሕር ዛፉ ሥር ብቻ ምንም የለም፤ እዚያ ሣሩም እንደ ልቡ አይበቅል። ሰዉ ይህን ወቅት «ጸደይ» ይለዋል፣ እኔም እላለሁ፤ በባሕረ ሐሳቡ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ቀመር፣ ግን ከመስከረም 26 በኋላ ያለው መጸው ነው፣ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። አንድ የማከብራቸው ቄስ በዚህ ጉዳይ ተቆጥተውኝ ያውቃሉ። ለማንኛውም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ ነው፤ አበባን በስሙ ጠርቶ ወቅት ለሰጠ ሕዝብ የንድፍ ሀሳብ ጠፋ ማለት ያሳፍራል።

ለእኔ ግን ጠፍቶብኝ ነበር።

1981 ዓ.ም. መስከረም ላይ የ27 ዓመት ወጣት ነበርኩ። ጥጥ ጨርቅ በሚያትም አንድ ፋብሪካ ውስጥ በንድፍ ክፍል እሠራለሁ። ሥራችን ከውጭ በመጣ ካታሎግ ላይ ያለውን አበባ በስስ ወረቀት ላይ ገልብጦ፣ ቀለሙን ለውጦ ማቅረብ ነበር። አይተነው የማናውቀውን አበባ ነበር ለእናቶቻችን ቀሚስ የምናትመው። በዚያ ዓመት አለቃዬ «ለመጪው ዓመት እንቁጣጣሽ አገርኛ አበባ አምጣ» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀቱ ፊት ተቀምጬ ምንም አልወጣኝም። አደይ አበባ እሥላለሁ፤ የሕፃን ልጅ ደብተር ይመስላል። እቀደዋለሁ።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ልጅ ሆነው ከዶርዜ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ፤ አባባ እላቸው ነበር። ቤታቸው ከመንገዱ ወደ ላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያሳለፉ፣ ጥለቱ ላይ ሲደርሱ ቀና ሳይሉ ድሩን በጣታቸው ቆጥረው እያነሱ ሳባውን፣ ባለ ቀለሙን ክር፣ ያስገባሉ። የት እንደምሠራ አልነገርኳቸውም። «ተማሪ ነኝ፣ ሽመና ማየት ፈልጌ ነው» አልኳቸው። የተገለበጠ ሣጥን ሰጡኝ፤ ስድስት ቅዳሜ እዚያ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ሥራቸውን አቁመው ከቤታቸው ኋላ ይዘውኝ ወጡ። ባሕር ዛፉ ከመጀመሩ በፊት ጠባብ ሜዳ አለች፤ አደይ ሞልቷታል። አንዷን ቀጥፈው ሰጡኝና «ቁጠር» አሉኝ። ዙሪያዋን ያሉትን ቢጫ ቅጠሎች ቆጠርኩ፤ ስምንት። ሌላ ሰጡኝ፤ ስምንት። ሦስተኛዋ ሰባት ሆነች። «እሷ ተቸግራ ነው» ብለው ሳቁ። ወደ ቤት ተመለስንና አበባዋን በተወጠረው ድር ላይ አስቀመጧት። ሁለት ቅጠል በድሩ አቅጣጫ፣ ሁለት በማጉ፣ አራቱ ደግሞ በማዕዘኑ በመካከል። «ድርና ማግ የሚያውቁት ይህን ነው። ክብ አያውቁም፤ ደረጃ ነው የሚያውቁት። አበባዋን ደረጃ በደረጃ ታወጣታለህ» አሉኝ። ከዚያ እዚያው፣ ፊቴ፣ ሦስት ጣት በምትሆን ጥለት ላይ አወጧት። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አበባ አትመስልም፤ ግን ከአበባ በቀር ሌላ ልትሆን አትችልም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ክር በክር ገለበጥኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ፋብሪካ ወሰድኳት።

አለቃዬ ወደዳት። ችግሩ ቀለሙ ጥጥ ላይ ትንሽ ስለሚፈስ በትንንሹ ስትታተም ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ይገናኙና አበባዋ ቢጫ ነጠብጣብ ትሆናለች። «ሁለቱን ቅጠል አንሳላት፣ ስድስት ይበቃታል» አለኝ። አነሳሁላት። አማረች፣ ተሸጠች። እኔ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። የማን ናት ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም።

በዓመቱ ስኳርና ቡና ይዤ እንደ መስቀል ወፍ ብቅ አልኩ። የአባባ ምራት ያቺኑ ጨርቅ ለብሳለች። በሩ ላይ ሳያት እግሬ ተሳሰረ። አባባ ቡናው ሲፈላ ዓይናቸው ቀሚሷ ላይ ዋለ። ጠሯትና የቀሚሷን ጫፍ ይዘው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ከንፈራቸው ሲቆጥር ይታየኛል። «ስምንት ነበር» አሉ። ቀጥለው «ስድስት በድርና ማግ አይወጣም። ይህን የሠራው ሸማኔ አይደለም» ብለው ጫፉን ለቀቁት። ወደ እኔ አላዩም። አውቀው ይሆን? ሠላሳ ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ስጠይቅ ኖርኩ። አቦል ጠጣሁ፣ ቶና ሳይደርስ ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በሕይወት ሳሉ አልተመለስኩም። ወደዚያ ስሄድ 1990 ዓ.ም. ሆኖ ነበር፤ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፍኖ በላዩ የሸቀጥ ሱቅ ተከፍቶበታል።

የሚያስቀኝ ነገር፣ ያን ጊዜ የራሴ የሆነ ነገር ነበረኝ። ልጆች ሳለን እናታችን በመስከረም ስንደዶና አክርማ ልቀሙ ብላ ወደ ሜዳ ትሰደን ነበር፤ ጣታችን በሣሩ እየተተለተለ እናለቅሳለን። እሷ አለላዋን በቀይና በወይን ጠጅ ቀለም ነክራ ሞሰብ ትሰፋለች። ከመሃል ጀምራ እየዞረች ስትወጣ፣ መስመሩ እየሰፋ ሲሄድ ጥርሱ ስንት እንደሚሆን በወስፌዋ ጫፍ ትቆጥራለች። አንዲት እንኳ ወረቀት አልነበራትም። ንድፍ ክፍል ተቀምጬ ሀሳብ ጠፋብኝ ስል ያቺ ሞሰብ ቤቴ ውስጥ እንጀራ ተሸክማ ተቀምጣ ነበር።

አሁን ምክር ልስጥ ከተባለ፣ እርሳስ አዘውትራችሁ ያዙ፣ አንብቡ፣ ተግታችሁ ሥሩ የሚለውን ሌላ ሰው ይነግራችኋል። እኔ የምላችሁ ቁጠሩ ነው። ከመሣላችሁ በፊት ቁጠሩ። አደይ ስትይዙ አንዲት አበባ የያዛችሁ ይመስላችኋል፤ መሃሏ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ነጠብጣብ ግን ራሷን የቻለች ትንሽ አበባ ናት፣ ዳር ዳር ያሉት «ቅጠሎች»ም እንደዚያው። የሱፍ አበባ ካገኛችሁ መሃሉ ላይ ፍሬው በሁለት አቅጣጫ ሲጠማዘዝ ታያላችሁ። በአንዱ በኩል ብዙ ጊዜ 34፣ በሌላው 55 መስመር ይሆናል። እያንዳንዱ ፍሬ ከቀዳሚው ወደ 137.5 ዲግሪ ገደማ ዞሮ ስለሚወጣ ነው፣ ቦታው ሳይባክን እኩል ይሞላል። ይህን ያነበብኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አባባ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ሳይጠይቁ በዚያው ሜዳ ላይ ደርሰውበት ነበር፤ እጃቸው የሚችለውን ቁጥር ከአበባዋ መርጠው ወሰዱ። የብራና ጸሐፊዎቹም የገጹን ራስ የሚያስጌጡበትን ሽርብ «ሐረግ» ብለው የጠሩት በከንቱ አይደለም።

የዛሬ ልጆች ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አበባው ውስጥ ገብታችሁ ጀርባችሁን ሰጥታችሁት ነው ፎቶ የምትነሱ። እንጦጦ ፓርክ ሄጄ አይቻለሁ። ደግሞ አሁን ሥዕል ለሚሠራው የኮምፒውተር ማሽን «የሐበሻ ጥለት ሥራልኝ» ስትሉት በደቂቃ አርባ ይሰጣችኋል፤ የጎረቤቴም ልጅ አሳይታኛለች። አንዱን አነሳሁና ቅጠሉን ቆጠርኩ፤ በአንድ በኩል ሰባት፣ በሌላው ስድስት። ሸማኔ አልነካውም አልኳት። ሳቀች። ስልክ አትያዙ ልል ነበር፣ ግን እኔም ባለፈው ሣር መሃል ተንበርክኬ ስነሳ ወገቤ እምቢ ስላለኝ የልጅ ልጄን ስልክ ተውሼ ነው አበባዋን ፎቶ ያነሳኋት።

መቅዳት ነውር ነው የምላችሁም አይምሰላችሁ። እኔ የተማርኩት በመቅዳት ነው፤ ያን ወረቀት ክር በክር ባልገለብጥ ኖሮ ስምንትና ስድስት ለየቅል መሆናቸውን ዛሬም አላውቅም ነበር። ቅዱ። ወረቀቱ ጥግ ላይ ግን ከማን እንዳያችሁት ጻፉበት። ለሕግ ብዬ አይደለም። ሰውዬው በሌላ ቀን በር ላይ ሲቀበላችሁ ቡናውን እስከ በረካ ድረስ እንድትጠጡ ነው።

ከዚያ ጨርቅ አንድ ክንድ የምትሆን ቁራጭ ቀርታኛለች። ቢጫው ነጥቷል። ከጎኗ ባለፈው ክረምት ባለ ካሬ ደብተር ላይ ስምንቷን መልሼ ለማውጣት የሞከርኩባቸው ወረቀቶች አሉ፤ የማዕዘኖቹ ቅጠሎች አሁንም ከቀሩት ይረዝሙብኛል፣ እሳቸው በየት በኩል አንድ ክር እንደቀነሱ አልያዝኩትም።

የጎረቤቴ ልጅ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በሬን ታንኳኳ። ወደ ሽሮ ሜዳ ወርደን ሽመና ላይ ያለ ሰው እንጠይቃለን። ደብተሯ ባለ ካሬ ይሁን፣ ጫማዋም ጭቃ የሚችል።