ጋሼ፣ ማስታወሻዬን ሁሉም ሰው አነበበው!

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ስለ ፕሮጀክተር ናቸው። ሰኔ ስለሆነ አልገረመኝም። መመረቂያ ጽሑፉን የሚያቀርበውም፣ የበጀት ዓመት ሪፖርት የሚያሰማውም አዳራሽ የሚገባው በዚህ ወር ነው። ለአዲስ አንባቢዎች ልንገራችሁ፦ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አዳራሽ 14 ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ ማይክና ፕሮጀክተር ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ። የምመልሰው ከዚያው ወንበር ነው።

«ዶክተሩ አነበቡት»

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ባሕር ዳር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ፕሮፖዛሌን ሳቀርብ የምናገረውን ሁሉ ከስላይዶቹ ሥር ኖትስ የሚለው ቦታ ላይ ጽፌ ነበር። ጓደኛዬ ‹ለአንቺ ብቻ ነው የሚታይሽ› ብላኛለች። ስላይድ ሾው ስጀምር ግን ግድግዳው ላይ የወጣው ማስታወሻዬ ነው! ሰዓቱም፣ የሚቀጥለው ስላይድም አብሮ። ንጹሑ ስላይድ እኔ ላፕቶፕ ላይ ቀረ። እንዴት እንደምመልሰው ስለማላውቅ እንደዚያው ቀጠልኩ። ስድስተኛው ስላይድ ሥር ‹ዶክተሩ ስለ ሳምፕል ሳይዝ ሳይጠይቁ ቶሎ እለፊ› የሚል ነበር። አነበቡት። ጠየቁኝ። አሁን ዋናው ዲፌንስ እየደረሰ ነው፤ ምን ላድርግ?»

ልጄ፣ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ይቅር በይኝ። ቀጥሎ ግን አዘንኩልሽ። አንድ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነበር የቀረሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮጀክተር ለኮምፒውተርሽ ሁለተኛ ስክሪን ነው። ሁለቱን ስክሪኖች በሁለት መንገድ ማሠራት ይቻላል። አንዱ ዱፕሊኬት ነው፤ ላፕቶፕሽ ላይ ያለው ሁሉ እንዳለ ግድግዳው ላይ ይታያል። ሌላው ኤክስቴንድ ነው፤ ከሳሎኑ ጎን አንድ ክፍል እንደ መቀጠል ማለት ነው። በአንዱ ክፍል እንግዳ ይቀመጣል፤ በሌላው አንቺ ጓዳሽን ትሠሪያለሽ። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘሽ ፒ የሚለውን ፊደል ስትጫኚ ምርጫው በጎን ብቅ ይላል። የግል ማስታወሻ የምትፈልጊ ከሆነ ኤክስቴንድ ነው መሆን ያለበት።

ከደብዳቤሽ እንደገባኝ አንቺ ኤክስቴንድ ላይ ነበርሽ። ፓወር ፖይንት ከ2013 ሥሪቱ ጀምሮ ሁለተኛ ስክሪን ሲያገኝ ፕረዘንተር ቪው የሚባለውን የተናጋሪ ገጽ በራሱ ይከፍታል። ያንቺው ተከፍቷል፤ ግን ጓዳውና ሳሎኑ ተቀያይረዋል። ኮምፒውተሩ ፕሮጀክተሩን እንደ ዋና ስክሪን ቆጥሮት ይሆናል። በዚያች ሰዓት ማድረግ የነበረብሽ፣ ከማስታወሻው ገጽ አናት ላይ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ የሚለውን ከፍቶ ስዋፕ የሚለውን መምረጥ ነበር። ወዲያው ይለዋወጣሉ።

ለዲፌንሱ ግን ቀድመሽ ጨርሺው። ሰው ሳይገባ ገመዱን ሰኪ። በዊንዶውስ የዲስፕሌይ ማስተካከያ ውስጥ አይደንቲፋይ የሚል አለ፤ ስትነኪው ላፕቶፑ ላይ አንድ ቁጥር፣ ግድግዳው ላይ ሌላ ቁጥር ይጻፋል። የላፕቶፕሽን ቁጥር ምረጪና ዋና ስክሪን አድርጊው። ከዚያ ፓወር ፖይንት ውስጥ ስላይድ ሾው ከሚለው ማውጫ፣ ሞኒተር በሚለው ቦታ ፕሮጀክተሩን ምረጪ። ዩዝ ፕረዘንተር ቪው የሚለው ምልክት እንዳለበትም እይ። በቃ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ አዳራሹን በምሠራበት ጊዜ ለዓመታት የእንግዳውን ላፕቶፕ ሁሉ ዱፕሊኬት ላይ ነበር የማደርገው። ለእኔ ይቀለኛል፤ ከሩቅ ሆኜ ላፕቶፑን ሳይ ግድግዳውን አየሁ ማለት ነው። ተናጋሪው ግን ጓዳ የለውም። አንድ ቀን አንድ የተከበሩ ኃላፊ ስለ አምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ ሲያብራሩ ከስክሪኑ ጥግ የቴሌግራም መልእክት ብቅ አለች፦ «ሽንኩርት እንዳትረሳ»። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ዞር ብለው አዩና «ዕቅዱ ይህንንም ያካትታል» አሉ። ሁሉም እንደሳቸው አይደለም፤ እንዲያ ያለ ቀልድ ለሁሉም አይመጣለትም። ስለዚህ ቴሌግራሙን ዝጊው።

ቤት ውስጥ ተለማመጂ። ፕሮጀክተር ከሌለሽ ኦልትን ይዘሽ ኤፍ 5 ተጫኚ፤ የተናጋሪው ገጽ በአንዱ ስክሪን ላይ ይመጣልሻል። ከዚያ የሚሻለው ግን የቤታችሁ ቴሌቪዥን ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ሰኪው፤ ቴሌቪዥኑም ሁለተኛ ስክሪን ነው። ቤተሰቡ ድራማውን ለሃያ ደቂቃ ቢያልፈው ምንም አይሆንም።

ስትለማመጂ ሦስት ነገር እጅሽ ይልመድ። ቢ የሚለውን ፊደል ስትጫኚ ግድግዳው ይጠቁራል፤ ድጋሚ ስትጫኚ ይመለሳል። ዶክተሩ ሲጠይቁሽ አጥቁሪውና ዓይናቸውን እያየሽ መልሺ። ሁለተኛው፣ የስላይድ ቁጥር ጽፈሽ ኢንተር ብትዪ እዚያው ይወስድሻል፤ «እስኪ የቅድሟን ሠንጠረዥ» ሲሉሽ ሃያ ስላይድ ወደ ኋላ እያስሮጥሽ ሰው አታዞሪ። ሦስተኛው፣ የማስታወሻው ፊደል ካነሰብሽ ከሥሩ ማተለቂያ አለው።

ስለ ማስታወሻው ራሱ ደግሞ ላስቸግርሽ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጻፊ። ዓረፍተ ነገር ፊቱ የተቀመጠለት ሰው ማንበቡ አይቀርም፤ ድምፁም ወዲያው የዜና አንባቢ ይሆናል። ቁጥር ጻፊ፣ የሰው ስም ጻፊ፣ የምትረሺውን አንድ ቃል ጻፊ። እኔ ሥራ ስጀምር ላፕቶፕ ብርቅ ነበር፤ ኦቨርሄድ የሚባለው ባለ መስታወት ማሽን ነበረን። በላስቲክ ላይ የተጻፈው ትራንስፓረንሲ እላዩ ይቀመጥና ግድግዳ ላይ ይበራል። ላስቲኩ በካርቶን ፍሬም ይያዝ ነበር። ጎበዝ መምህራን ማስታወሻቸውን በእርሳስ ካርቶኑ ላይ ይጽፉታል። ካርቶን ብርሃን ስለማያሳልፍ ግድግዳው ላይ አይታይም። ከጣት የማይሰፋ ቦታ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው የሚይዘው። ፓወር ፖይንት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ሲወጣ ዋና ሥራው እነዚያን ትራንስፓረንሲዎች ማዘጋጀት ነበር። እንግዲህ ያንቺን የኖትስ ቦታ እንደ ካርቶኑ ጠርዝ ቁጠሪው።

አሁን የምነግርሽ ደግሞ ያስደነግጥሻል። ፋይሉን ለትምህርት ክፍሉ ልከሽ ከሆነ ማስታወሻውም አብሮ ሄዷል። የከፈተው ሁሉ ያየዋል። የሄደው ሄዷል፤ ለሚቀጥለው ግን ሁለት መላ አለሽ። ወይ ስላይዶቹን ብቻ በፒዲኤፍ ላኪ። ወይ የፋይሉን ቅጂ አስቀምጪና ከቅጂው ላይ አጥፊ፦ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ቼክ ፎር ኢሹስ፣ ኢንስፔክት ዶክዩመንት። ፕረዘንቴሽን ኖትስ የሚለውን ካገኘ ሪሙቭ ኦል በዪው። ቅጂው ላይ አልኩሽ! ዋናው ላይ ካጠፋሽው ዲፌንሱ ቀን ባዶ ጓዳ ይጠብቅሻል።

ለሳምፕል ሳይዙም መልስ አዘጋጂ። ዶክተሩ እንደሆኑ አይረሱትም።

«ፍላሽ አምጡ አሉን፤ አማርኛውም ተበላሸ»

«የተከበሩ አዘጋጅ፣ ሐዋሳ የምኖር መምህር ነኝ። ቤቴ ሊብሬ ኦፊስ እጠቀማለሁ፤ የተናጋሪ ገጹ አለው ወይ? ሌላው፣ ሥልጠና በሰጠሁበት አዳራሽ በራሴ ላፕቶፕ እንዳላቀርብ ተደርጌ ፍላሼን ተቀበሉኝ። አማርኛው በሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ወጣ። መሃል ላይ መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ደግሞ ከመጀመሪያው ስላይድ ጀመረ። ማስታወሻዬንም አላየሁትም።»

መምህር፣ በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ችለው ደብዳቤ መጻፍዎም ጀግንነት ነው።

ሊብሬ ኦፊስ አለው። ኢምፕረስ በሚባለው የስላይድ ፕሮግራሙ ውስጥ ሁለተኛው ስክሪን በኤክስቴንድ ከተገናኘ ኤፍ 5 ሲጫኑ የተናጋሪው ገጽ ራሱ ይመጣል። የአሁኑን ስላይድ፣ ቀጣዩን፣ ሰዓቱን ያሳያል፤ ማስታወሻው በአዝራር ይከፈታል። በተቃራኒው ስክሪን ከወጣብዎ ከስላይድ ሾው ማስተካከያ ውስጥ የቱ ስክሪን ላይ ይታይ የሚለውን ይቀይሩ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሥራውን ይሠራል።

የፍላሹ ነገር ግን ዋናው ነው። ማስታወሻው የሚታየው ላፕቶፑ ፊት ለተቀመጠው ሰው ነው። እርስዎ መድረክ ላይ፣ ኮምፒውተሩ አዳራሹ ጀርባ ከሆነ የእርስዎን ምስጢር የሚያነበው ቴክኒሻኑ ነው። የስንቱን ሰው ማስታወሻ እንዳነበብኩ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። «እዚህ ጋ ቀልድ» ተብሎ ተጽፎ ቀልዱ ያልመጣበትን ቀን አልረሳም። ፍላሽ ካሉዎ አይከራከሩ፤ ማስታወሻዎን በወረቀት ያውጡ። ሲያትሙ ኖትስ ፔጅስ የሚለውን ከመረጡ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ስላይዱ ከላይ፣ ማስታወሻው ከሥር ይታተማል። በራስዎ ላፕቶፕ ከተፈቀደ ደግሞ የገመድ መቀየሪያ ይያዙ፤ አሮጌ ፕሮጀክተር ቪጂኤ የሚባለው የድሮ መሰኪያ ብቻ ሊኖረው ይችላል። መርካቶ ሲገዙ «ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ» ብለው አቅጣጫውን ይንገሩ። ተቃራኒውን የሚሠራው ሌላ ዕቃ ነው፤ መልካቸው ግን ይመሳሰላል።

አማርኛው የተበላሸው በድሮው የግዕዝ ፎንት ስለጻፉት ይመስለኛል። እነዚያ ፎንቶች ከእንግሊዝኛ ፊደል ጀርባ የተደበቁ ናቸው፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ልብሳቸው ይወልቃል። በዩኒኮድ ይጻፉ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት ሥርዓት ነው። ኒያላ፣ ኢብሪማ፣ አቢሲኒካ ሁሉም ዩኒኮድ ናቸው፤ አንዱ ባይኖር ኮምፒውተሩ በሌላው ይተካዋል፣ ፊደሉ ግን ፊደል ሆኖ ይቀራል። የተጻፈውን መቀየር ጊዜ ከፈጀ ለአዳራሹ የሚሰጡትን ፒዲኤፍ ያድርጉት።

መብራትን በተመለከተ፣ ከእርስዎም ከእኔም አቅም በላይ ነው። ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፤ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል። ያኔ ኮምፒውተሩ ሁለተኛው ስክሪን የተነቀለ ስለሚመስለው ሁሉንም ወደ ራሱ ይሰበስባል። ሲመለስ ፕሮጀክተሩ እስኪሞቅ ይታገሱ። ፓወር ፖይንት ከሆነ ኤፍ 5 ብቻውን ከመጀመሪያ ይጀምራል፤ ሺፍትን ይዘው ኤፍ 5 ሲጫኑ ግን ካሉበት ስላይድ ይቀጥላል።

«አዝማቹ ይጠፋኛል»

«ጋሽዬ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የመዝሙር ግጥም ስክሪን ላይ የማወጣው እኔ ነኝ። ዘማሪዎቹ በፈለጉት ሰዓት ወደ አዝማቹ ይመለሳሉ። እኔ ስላይድ ወደ ኋላ ስፈልግ ጉባኤው ሁሉ አብሮኝ ይፈልጋል። በዙም የሚከታተሉ እናቶችም አንዳንዴ የእኔን የሥራ ገጽ ነው የሚያዩት።»

ወንድሜ፣ ላንተ ፓወር ፖይንት ጫማ ለብሶ እንደ መዋኘት ነው። ይቻላል፣ ግን ለምን? ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩ አሉ፤ ኢዚወርሺፕ በክፍያ፣ ኦፕንኤልፒ በነፃ። በእነዚህ ግጥሙ በየስንኙ ተከፋፍሎ ፊትህ ይደረደራል። ዘማሪዋ ወደ አዝማቹ ስትመለስ አዝማቹን ትነካለህ፤ ጉባኤው የሚያየው የመረጥከውን ብቻ ነው፤ ፍለጋህን አያይም።

እስክትቀይር ድረስ ከላይ ለባሕር ዳሯ ልጅ የነገርኳት ቁጥርና ኢንተር ይጠቅምሃል። የየመዝሙሩ አዝማች ስንተኛ ስላይድ እንደሆነ ትንሽ ወረቀት ላይ ጻፍና ከኪቦርዱ ጎን ለጥፈው። አንዳንድ እሑድ በማክ ኮምፒውተር፣ ኪኖት በሚባለው የስላይድ ፕሮግራም ከሠራህና ሁለቱ ስክሪኖች ከተቀያየሩብህ ኤክስን ተጫን፤ ይለዋወጣሉ።

ለዙም ስታጋራ የቱን ስክሪን እንደምታጋራ ይጠይቅሃል። ሁለት ትንንሽ ሥዕሎች ይመጣሉ። ሁለተኛውን፣ የግጥሙን ምረጥ። እንዳትሳሳት ደግሞ የላፕቶፑን የጀርባ ሥዕል ከሌላኛው የተለየ አድርገው፤ ያኔ ከሩቅ ትለያቸዋለህ።

ስለ ማይክ ጩኸት የጻፋችሁ አራት አንባቢዎች፣ ለሚቀጥለው ወር አስቀምጫችኋለሁ። እስከዚያው ማይክ የያዘው ሰው ከስፒከሩ ኋላ ይቁም።