«አንጸባራቂ» ወይስ «አብሪ»?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞሉ፣ ውሃ ውስጥ ያለ መርዝ ሲገባባቸው ብርሃናቸው የሚለወጥ ቁሶች አሉ። ለተማሪዎቼ «ብክለትን የሚያገኙ አንጸባራቂ ቀዳዳማ ቁሶች» አልኳቸው። ያስኬዳል?

መልስ፦ «አንጸባራቂ» አያስኬድም። መስታወት ያንጸባርቃል። አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያርፍበት ያንጸባርቃል። ሁለቱም የመጣባቸውን ብርሃን ይመልሳሉ እንጂ ከራሳቸው የሚያወጡት የለም። የእርስዎ ቁስ ግን ለዓይን የማይታየውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ውጦ በራሱ ቀለም ይበራል። ባንክ ቤት የብር ኖት ሐምራዊዋ መብራት ሥር ሲገባ ቦግ የሚለውን ምልክት ያስታውሱ። ለዚህ «አብሪ» አለን። አብሪ ጥይት ሲባል ግራ የሚጋባ የለም።

«ቀዳዳማ»ም አልተመቸኝም። ቀዳዳ በአማርኛ ጉድለት ነው። ቀዳዳ ጣሪያ፣ ቀዳዳ ጆንያ እንላለን፤ የሚያፈስ ማለታችን ነው። እዚህ ግን መርዙ ገብቶ የሚያዘው እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ነው። ለዚህ ቃል ያላቸው እናቶቻችን ናቸው። እንጀራው ከምጣዱ ሲወጣ ጎንበስ ብለው ያዩና «ዐይኑ እንዴት አምሯል!» ይላሉ። ወጡን የሚይዘው ያ ዐይን ነው። ስለዚህ «ዐይናማ» ቢሉት እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙትም የብረታ ብረት አተሞችን በካርቦን ሞለኪውሎች እያያያዙ እንዲህ ያለ ዐይናማ ቁስ ስለሠሩ ነው። የአንዳንዱ ጥቂት ግራም ብቻ፣ የውስጡ ገጽ ቢዘረጋ የኳስ ሜዳ ያህላል።

ብክለት ሁኔታው ነው። ቁሱ ለይቶ የሚያሳየን ግን ነገሩን ራሱን፣ ሜርኩሪውን ወይም እርሳሱን ነው፤ እሱ «በካይ» ይባላል። «የሚያገኙ»ንም «የሚጠቁሙ» ያድርጉት። «በካይን የሚጠቁሙ አብሪ ዐይናማ ቁሶች» ማለት ነው።

አንድ ቃል ልጨምር። መርዙ ሲገባ ብርሃኑ «ይጠፋል» ብለው አያስተምሩ። የጠፋ መብራት ጠፍቷል፤ መጠን የለውም። «ይደበዝዛል» ይበሉ፤ ጨምሮ የሚበራ ከሆነ ደግሞ «ይፈካል»። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ውሃው ፍሎራይድ አለው ማለት ብቻ አይበቃም፤ ስንት አለው ነው ጥያቄው። እሱን የሚነግረን ብርሃኑ ምን ያህል እንደደበዘዘ ወይም እንደፈካ ነው።