የአያቴን ውጅግራ ኒኬሉን ላስነሳው ወይስ ልተወው? የሳምንቱ ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሽ የሚሆኑት ስለ አሮጌ ጠመንጃ ናቸው፣ ከአንድ ቤተሰብ የመጡ እስኪመስሉኝ ድረስ ይመሳሰላሉ። እኔም ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ሌላውን ለሚቀጥለው አሳድሬ እነዚህን ልመልስ።

ከፍራንኮ ሰፈር፣ አዳማ፦ «ጋሼ፣ አያቴ ሲሞቱ ውጅግራ ትተውልናል፣ ፈቃድ አለው። በጃንሆይ ጊዜ አንድ ብረት ቤት ወስደው ሙሉውን ኒኬል አስነክረውታል፣ አባቴ እንደሚለው አፈሙዙንም አስቆርጠውታል። እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ቶርኖ ቤት ወስጄ ወደ ድሮው ላስመልሰው አስቤያለሁ፣ ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ ቶርኖ ቤቱን ለጊዜው ተወው። ኒኬል ሻካራ ብረት ላይ አያምርም፣ ስለዚህ ነካሪው መጀመሪያ ብረቱን በሞላ ይወለውለዋል፣ የፋብሪካው ጽሑፍና ማህተም መጥፋት የሚጀምረው ያኔ ነው እንጂ ኒኬሉ ሲነካው አይደለም። ኒኬሉን ብታስነሳው ከስሩ የምታገኘው ፈረንሳይ ሰርታ የላከችውን ብረት ሳይሆን ያ የተወለወለውን ነው፣ የተፋቀ ፊደል ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ጠዋት መስኮት ጋ ቁጭ በልና ጠመንጃውን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገህ ማቀባበያው የሚገባበትን ብረት በግራ በኩል እየው። ውጅግራ ማለት የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው፣ ሞዴል 1874፣ ስሙም ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» ነው የመጣው። ሴንት ኤቲየን የተሰራ ከሆነ የፋብሪካው ስምና የሞዴሉ ዓመት እዛ ጋ ተቀርጿል። በጥፍርህ ዳሰው። የፊደሉ ጠርዝ ጥፍርህን ከያዘው ብዙ አልተፋቀም ማለት ነው፣ ጥፍርህ ዝም ብሎ ከተንሸራተተና ፊደሉ እንዳለቀ ሳሙና ጽሑፍ ከደበዘዘ ግን ማስነሳቱ ምንም አይመልስልህም።

ተቆርጧል ስላልከው ደግሞ ሜትር ያዝና ለካው። ሙሉ ውጅግራ ከሰደፍ እስከ አፈሙዝ 1 ሜትር ከ30 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ ነገር ግን ለፈረሰኛና ለመድፈኛ ከፋብሪካው ራሱ አጥሮ የተሰራ አለ፣ ስለዚህ አጭር ሁሉ የተቆረጠ አይደለም፣ አባትህም ሰምተው ሊሆን ይችላል። የፊት ማነጣጠሪያው በስነስርዓቱ የተተከለ ከሆነና የአፈሙዙ ጫፍ ዙሪያው እኩል ከሆነ ፋብሪካ አሳጥሮት ሊሆን ይችላል። በመጋዝ የተቆረጠ ከሆነ ግን በብየዳ ላስረዝመው እንዳትል፣ እሱ ማደስ አይባልም።

የኔን ሀሳብ ከፈለግህ ተወው። ሳስነሳው አይቆጨኝም የምለው ፊደሉ ስለት ሆኖ ቁመቱ ሙሉ ሆኖ፣ ኒኬሉ ቅርብ ጊዜ ማንም ሳያስብበት የተቀባና እየተላጠ ከስሩ ዝገት የሚያበላው ሲሆን ነው፣ እሱንም በኤሌክትሪክ መንቀል የሚያውቅ ባለሙያ እንጂ ሽቦ ብሩሽ የያዘ ሰው አይነካውም። ያንተ ግን አያትህ ገንዘባቸውን አውጥተው፣ ተሸክመው ወስደው፣ ወደውት ያስነከሩት ነው፣ ያ የጠመንጃው ታሪክ አካል ነው። የአጎቴን ጠመንጃ አንድ ጋራዥ «አዲስ አድርጌ እሰጣችኋለሁ» ብሎ ወስዶ በሞላ ፍቆ መለሰልን፣ ቁጥሩም ማህተሙም ሄዷል፣ አጎቴ እስኪሞት ግድግዳው ላይ መልሶ አልሰቀለውም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከመብራት ኃይል፣ አዳማ፦ «ኒኬል ይሁን ክሮም በምን ልወቅ?»

ነጭ ወረቀት አጠገቡ አድርጊና እዪው እህቴ። ኒኬል ትንሽ ወደ ቢጫ የሚል ሞቅ ያለ ነጭ ነው፣ ክሮም ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ለማሳመሪያ የሚደረግ ክሮም ብዙ ጊዜ ከስሩ ኒኬል አለው፣ አንዳንዴም መዳብ፣ ስለዚህ ክሮም ከሆነ የሚነሳው ከአንድ ንብርብር በላይ ነው።

ከወንጂ፦ «ጓደኛዬ በባትሪ አሲድ ይለቃል አለኝ፣ ማቀባበያውን ነክሬው ነው ያለሁት፣ ምን ያህል ሰዓት ላቆየው?»

አሁኑኑ አውጣው! ጓንት አድርግ፣ በብዙ ውሃ እጠበው፣ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውሃ ደግመህ አለቅልቀህ ወዲያው አድርቀህ ዘይት ቀባው። አሲዱ ኒኬልና ብረት አይለይም፣ ኒኬሉ በተላጠበት ገብቶ ብረቱን ይቦረቡረዋል። ከዛ የባሰው አሲድ ውስጥ የቆየ ጠንካራ ብረት ሃይድሮጅን ውስጡ ገብቶ ሊሰባበር ይችላል፣ በተለይ ስፕሪንግ። ማቀባበያ ማለት ደግሞ ሲተኮስ ያንን ሁሉ ግፊት ከፊትህ የሚያግደው ዕቃ ነው። ከዚህ በኋላ ያ ጠመንጃ አይተኮስበት፣ ጥይት ብታገኝለትም እንኳ።

ከደምበላ፣ አዳማ፦ «አባባ የአድዋ ነው ይላሉ፣ ላዩ ላይ 1886 የሚል አለው፣ አድዋ ደግሞ 1888 ነው፣ ስለዚህ ልክ ነው አይደል?»

ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የኔ እህት። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጅ 1896 ነው። ሌላው ደግሞ ከቁጥሩ በፊት ሞዴል የሚል ምልክት ካለ 1886 ሌበል የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ የሞዴል ስም ነው እንጂ የተሰራበት ዓመት አይደለም፣ ሌበል ለዓመታት፣ ከአድዋ በኋላም ጭምር ሲሰራ ኖሯል። ብረት አድዋ መድረሱን አይነግርሽም፣ አለመድረሱን ግን አንዳንዴ ይነግርሻል፣ ለምሳሌ ሞዴል 1924 የሆነ የቤልጅግ ማውዘር ማንም ምን ቢል አድዋ አልነበረም። አባባ በህይወት ካሉ ግን ዛሬውኑ ስልክሽን አውጥተሽ ድምፃቸውን ቅጂ፣ ማን ዘመተበት፣ ከማን ጋር፣ ከየት ተነስቶ፣ ማን ለማን አወረሰው። ከጠመንጃው ጋር ማደር ያለበት እሱ ነው።

ስም አልተጻፈም፦ «አሮጌ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም ይባላል፣ እውነት ነው?»

በአሮጌነቱ ተማምነህ እንዳትቀመጥ። የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ መያዝንም መጠገንንም በፈቃድ ያደርጋል። ፈቃድ ከሌለህ ዕቃውን ይዘህ ከመንቀሳቀስህ በፊት ሄደህ ፖሊስ ጠይቅ። ወደ ውጭ ለመላክ ያሰባችሁ ደግሞ የቅርስ ጉዳይም ስላለ ቅርስ ባለሥልጣንን ሳትጠይቁ አትሞክሩት።

ከአዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ፦ «እንጨቱን ቫርኒሽ ቀብተውታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው?»

አይ፣ ብርጭቆ ወረቀት አታስጠጋው። የፈረንሳይ ጠመንጃ ከሆነ ሰደፉ ላይ በቀኝ በኩል ክብ የፋብሪካ ማህተም እንጨቱ ውስጥ ታትሞ ሊኖር ይችላል፣ አንዴ ከፈገፈግከው ሄደ። ቫርኒሹን በማስለቀቂያ ፈሳሽ በጨርቅ ቀስ እያልክ አንሳ፣ ማህተሙ ጋ ስትደርስ አትፈግፍግ፣ ጫን ጫን ብቻ አድርግ። ሲደርቅ የተልባ ዘይት በጣም በስሱ በእጅህ መዳፍ እያሻሸህ ቀባው፣ የተረፈውን ጥረግ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቀህ ድገም፣ ጥሬ የተልባ ዘይት ቶሎ አይደርቅምና አትቸኩል። የአዳማ ሙቀትና ንፋስ እንጨት ይሰነጥቃል፣ ፀሐይ ላይ አታስጣው። ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ውጭ ገመድ ላይ ዘርግተህ አድርቀው፣ ተጨማዶ ጥግ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል።