ጀርባውን አንብቡ፦ ስለ ፓወር ባንክ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ፓወር ባንክ ናቸው። አይገርምም። ስልክ ሲዘጋ ቴሌብሩም፣ የሥራ ጥሪውም፣ የእናት ድምፅም አብሮ ይዘጋል። ይህ እንዳይሆን ብላችሁ ገንዘብ ያወጣችሁበት ዕቃ ሲያታልላችሁ ማየት ያናድደኛል። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእናንተ ጥያቄ ሰጥቼዋለሁ።

«መርካቶ ‹50,000› የሚል ፓወር ባንክ ገዛሁ። የስልኬ ባትሪ 5,000 ስለሆነ አሥር ጊዜ ይሞላልኛል ብዬ ነበር። ሁለቴ ሞልቶ ያልቃል። ችግሩ ከስልኬ ይሆን?» (ከአዲስ አበባ)

ከስልክዎ አይደለም። ሲጀመር፣ ዕቃው ትክክለኛ ቢሆንም እንኳ አሥር ጊዜ አይሞላም ነበር። ፊቱ ላይ የሚጻፈው የኤምኤኤች (mAh፣ ባትሪ የሚይዘው መጠን የሚለካበት) ቁጥር ውስጡ ያሉት ባትሪዎች በ3.7 ቮልት የሚይዙት ነው። ወደ ስልክዎ የሚወጣው ደግሞ በ5 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ቮልቱ ከፍ ሲል የኤምኤኤች ቁጥሩ ይወርዳል፤ ጥቂቱም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ጥሬ ቡና ሲቆላ ክብደቱ እንደሚቀንሰው ነው። ትክክለኛ ባለ 10,000 ለስልክ የሚያወጣው ከ5,800 እስከ 6,500 ገደማ ነው፤ ሐቀኛ አምራችም ይህንን ሁለተኛ ቁጥር ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ይጽፈዋል። ሲገዙ ይፈልጉት። ከሌለ ይተዉት።

የእርስዎ ግን ከዚህም የባሰ ነው። ስልክዎን ሁለቴ ብቻ ከሞላ ውስጡ ያለው 15,000 ገደማ ነው ማለት ነው። እውነተኛ 50,000 ቢሆን ኖሮ ባትሪዎቹ ብቻ ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ይመዝኑ ነበር፤ ኪስ ውስጥም አይገባም። ደህና ባለ 10,000 ወደ 200 ግራም፣ ባለ 20,000 ደግሞ ከ350 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ዕቃው ከቀለለ ውሸት ነው።

ከበደ ማለት ግን እውነት ነው ማለት አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ የሞተ ፓወር ባንክ ስልክ ጠጋኝ ወዳጄ ዘንድ ወስጄ አስከፈትኩ። ፊቱ ላይ 30,000 ይላል። ሽፋኑ ሲነሳ ስድስት ባትሪ የሚይዝ ቦታ አለው፤ ሽቦ የተያያዘባቸው ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። በቀረው ቦታ ላይ በስኮች የተጠቀለለ አሸዋ ተኝቷል። ወዳጄ ጠረጴዛው ላይ ሲያራግፈው ዝም ብለን ተያየን። (እናንተ ግን ቤት ውስጥ አትክፈቱ፤ የተወጋ ሊቲየም ባትሪ ይነድዳል።)

ሱቅ ቆማችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ሌላ ፈተና አለ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት-ሰዓት (Wh፣ ዕቃው በጠቅላላ የሚይዘው ኃይል) ተመልከቱ። የኤምኤኤች ቁጥሩን በ3.7 አባዝታችሁ ለ1,000 ስታካፍሉ እሱን ወይም ለእሱ በጣም የቀረበ ቁጥር መስጠት አለበት። 10,000 ከሆነ 37፣ 20,000 ከሆነ 74። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ዕቃውን መልሳችሁ ውጡ። ለአንድ ስልክ ባለ 10,000 በቂ ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ስልክ ካለና መብራት ሄዶ የሚያድር ከሆነ 20,000 ውሰዱ። ከዚያ በላይ ለስልክ ብላችሁ አትክፈሉ።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። መመረቂያ ጽሑፌን እየጻፍኩ መብራት ይሄዳል። ባለ 20,000 ፓወር ባንክ ላፕቶፕ ያስነሳል?» (ከጅማ)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላፕቶፕህን ተመልከት። በታይፕ ሲ ቀዳዳው ቻርጅ ያደርጋል ወይ? የራሱ ክብ ጃክ ብቻ ካለው ተራ ፓወር ባንክ አይሆንህም። በታይፕ ሲ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ የኤምኤኤች ቁጥሩን ለጊዜው እርሳውና ዋቱን ጠይቅ። «ፓወር ዴሊቨሪ» ወይም ፒዲ (PD) የሚል፣ ከ45 እስከ 65 ዋት የሚያወጣ መሆን አለበት። ላፕቶፕህ ይዞት የመጣው ቻርጀር ላይ ስንት ዋት እንደሚል አንብበህ ለእሱ የቀረበውን ምረጥ። ባለ 18 ወይም ባለ 20 ዋት የሆነው ለስልክ ጥሩ ነው፤ ላፕቶፑ ግን ወይ አይቀበለውም ወይ እየሠራህበት ባትሪው መውረዱን ይቀጥላል። ኬብሉም ዋቱን የሚችል ይሁን። ሁሉም ከተሟላ ባለ 20,000 ባለ 50 ዋት-ሰዓት ላፕቶፕን አንድ ጊዜ ያህል ይሞላልሃል።

«ከዱባይ ለእረፍት አገር ቤት ልገባ ነው። ለወንድም እህቶቼ አራት ፓወር ባንክ ገዝቻለሁ። ሻንጣ ውስጥ ልክተታቸው?»

እህቴ፣ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ እንዳታደርጊ። ክልክል ነው፤ ምክንያትም አለው። ጭነት ክፍል ውስጥ ባትሪ ቢነድ የሚደርስለት ሰው የለም። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2025 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንድ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ሊነሳ ሲል ከተሳፋሪዎች ራስ በላይ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ እሳት ተነሥቶ ጣሪያው ተቃጥሏል። ሰው ሁሉ ወርዶ ተርፏል። መርማሪዎች መነሻው ፓወር ባንክ ሳይሆን እንደማይቀር ተናግረዋል።

በእጅ ሻንጣ ሲያዝ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለፈቃድ ይገባል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ አይሳፈርም። (የመጀመሪያው ጠያቂያችን «50,000» እውነት ቢሆን 185 ዋት-ሰዓት ይሆን ነበር።) ጀርባው ላይ ጽሑፍ የሌለው ፍተሻ ላይ ሊወሰድብሽ ይችላል። ብዛቱን በተመለከተ በምን አየር መንገድ እንደምትመጪ አልጻፍሽልኝም። ኤምሬትስ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ በረራ ላይ በፓወር ባንኩ ስልክ ቻርጅ ማድረግም ሆነ ፓወር ባንኩን ራሱን መሙላት አይቻልም። አራቱን ይዘሽ ኤርፖርት ከመድረስሽ በፊት ትኬት የቆረጥሽበትን ቢሮ ደውለሽ ጠይቂ። ካልፈቀዱልሽ ሱቁ ሦስቱን እንዲመልስልሽ ዛሬውኑ ሞክሪ።

«መብራት ሲሄድ ዋይፋዩን በፓወር ባንክ ማስቀጠል ይቻላል?» (ከአዳማ)

ይቻላል። የራውተርዎን ቻርጀር ይዩ፤ 9 ቮልት ወይም 12 ቮልት ይላል። ከፓወር ባንኩ 5 ቮልት ወደዚያ የሚያሳድግ ኬብል ይሸጣል፤ ቮልቱን ሳያረጋግጡ ግን አይሰኩ። ራውተሩ 8 ዋት ቢወስድ ባለ 20,000 ሰባት ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ችግሩ ብዙ ፓወር ባንኮች መብራት ሲሄድና ሲመጣ ለአፍታ ያቋርጣሉ፤ ራውተሩም እንደገና ይነሣል። ከቤት ለሚሠራ ሰው ለራውተር ተብሎ የተሠራው ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ሳያቋርጥ የሚተካ ትንሽ ባትሪ) ይሻላል።

«የልጄ ፓወር ባንክ ሆዱ ተነፍቷል፤ ግን ይሠራል። ትራስ ሥር አድርጎት ነው የሚተኛው።»

እባክዎ አሁኑኑ ይውሰዱበት። ያበጠ ባትሪ ቢሠራም አደገኛ ነው። ዳግመኛ አይሰኩት፣ አይጫኑት፣ አይብሱት፤ ከቆሻሻ ጋር እንዳይቃጠልም ይጠንቀቁ። ደረቅ አሸዋ ባለበት የብረት ቆርቆሮ ውስጥ አድርገው ከቤት ውጭ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡትና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚቀበል ያስረክቡ። ያላበጠም ቢሆን ትራስና ብርድ ልብስ ሥር ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ዝነኛ ስምም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ታዋቂው የፓወር ባንክ አምራች አንከር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 አሜሪካ ውስጥ የሸጠውን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፓወርኮር 10000 በእሳት ስጋት እንዲመለስ ጠርቷል። ሞዴሉ ኤ1263 (A1263) ነው፤ ከአሜሪካ የተላከላችሁ ጀርባውን እዩ።

«አባቴ ገጠር ነው፣ መብራት የለም፣ ስልኩ ባለ ቁልፍ ነው። ሶላር ያለበትን ፓወር ባንክ ልላክለት?» (ከደብረ ማርቆስ)

ጀርባው ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሶላር በጥሩ ፀሐይ 1 ዋት ያህል ብትሰጥ ነው። ባለ 20,000ውን በእሷ ለመሙላት ሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ላይ መዋል አለበት፤ ሙቀቱም ባትሪውን ይጎዳል። ተራ ባለ 10,000 ይላኩላቸው። የባለ ቁልፍ ስልክ ባትሪ 1,000 ገደማ ስለሆነ ስድስት ሰባት ጊዜ ይሞላል፤ አንዱ ሙሊት አራት ቀን ቢያቆያቸው እንኳ ወር ሊጠጋ ነው። ለገበያ ከተማ ሲወጡ መብራት ያለበት ሱቅ ሰክተውት ይውላሉ።

ሁለት ነገር ብቻ። ስልኩ ትንሽ ስለሚስብ አንዳንድ ፓወር ባንክ «የተሰካ የለም» ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ ከመላክዎ በፊት ተመሳሳይ ስልክ ሰክተው እስኪሞላ ይሞክሩት። የስልካቸው ቀዳዳ ቀጭኑ ክብ ይሁን ሌላ ይጠይቁና በልኩ ኬብል ሁለት ይግዙ፤ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው።