መልስ፦ ሰንቀሌ የቆርኬ (ቀንዳም የዱር እንስሳ) መጠለያ ላይ ፓራግላይዲንግ (በጨርቅ ክንፍ ያለ ሞተር መብረር) ቢፈቀድ ምን ችግር አለው?

ወንድሜ «ሞተር የለው ጭስ የለው ቆርኬዎቹን ምን ያደርጋቸዋል» ላልከው፣ ችግሩ እኮ ድምፁ አይደለም። ከላይ ዝም ብሎ የሚመጣ ትልቅ ነገር ለእንስሳው አዳኝ ነው የሚመስለው፣ ዝቅ ብሎ ካለፈ መንጋው በርግጎ ይሮጣል፣ ግልገል ያላት ደሞ ግልገሏን ትታ ልትሄድ ትችላለች። እዛ ያለው ዝርያ፣ የስዋይን ቆርኬ እኮ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ ነጭ ሳር ፓርክ ላይ እንኳን እንዴት እንዳለቀ አይተናል፣ ሰንቀሌ ደሞ ዙሪያውን እርሻና ከብት ከቦት ወዴት ይሽሽ? አሞራና ንስሩም የሚንሳፈፈው በዛው ፓራግላይደሩ በሚጠቀምበት፣ ከመሬት በሚነሳው ሞቃት አየር ነው። ስፖርቱን አልጠላሁም፣ ለሀዋሳ ልጆች ስራ ይሆናል፣ ሲቪል አቪዬሽንን አስፈቅዳችሁ ታቦር ተራራ ላይ ሞክሩት፣ መጀመሪያ የምመዘገበው እኔ ነኝ። መጠለያውን ግን በናትህ ተዉት።