«አንዴ ከያዘሽ አይዝሽም» ላሉሽ እኅቴ

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኮቪድ ካመመሽ ዛሬ 9ኛ ቀንሽ ነው። ትኩሳቱ ከለቀቀሽ 4 ቀን ሆኖታል። የፊታችን እሑድ መሐል ሜዳ እናትሽ ቤት ማኅበር አለ። እናትሽ ስኳር አለባቸው። ሰው ደግሞ «አንዴ ከያዘሽ በቃ፣ ከእንግዲህ አይዝሽም፣ ማስክም አያስፈልግሽም» እያለ ይመክርሻል። ልሂድ ወይስ ልቅር ነው ያልሽው።

ሂጂ። ግን ያንን ምክር አምነሽ አትሂጂ። እኔ እሱን አምኜ ሄጄ አባቴን ላጣው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የምነግርሽ በራሴና በቤተሰቤ የደረሰውን፣ ከዚያም ተደናግጬ ያነበብኩትን ነው።

መጀመሪያ የያዘኝ መጋቢት 2013 ላይ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ስለነበር ልክ ዓመቱ መሆኑ ነው። ክትባቱም የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር፤ ግን ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች ስለሆነ እኔ ጋ ገና አልደረሰም። ከሥራ ስመለስ ወገቤን ቆረጠመኝ። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ታሸሁ። በሦስተኛው ቀን ቡና ስቆላ ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ሽታው ግን የለም። ምጣዱ ላይ አጎንብሼ ብስብ፣ ብስብ ምንም። ያኔ ልቤ ክፉኛ ደነገጠ። ተመረመርኩ፤ ኮቪድ ነው።

ሁለት ሳምንት ቤት ተዘጋሁ። ትኩሳቱ አለፈ፣ ሳሉ ቆየት አለ፣ ሽታው በስንት ጊዜው ተመለሰ። ከበሽታው ይልቅ የሰው ነገር ከበደኝ። ከዳንኩ ከወር በኋላ እንኳ በሬን ሲያልፉ መንገድ የሚቀይሩ ነበሩ። አንዲት ጎረቤቴ ብቻ በየቀኑ አጥሚት አፍልታ በሬ ላይ አስቀምጣ፣ አንኳኩታ ትሄድ ነበር። እስከ ዛሬ ውለታዋን አልረሳውም። ይህን የምነግርሽ እሑድ ማኅበሩ ላይ የሚሸሽሽ ካለ ልብሽ እንዳይሰበር ነው። አብዛኛው ሰው በሽታውን የሚያስተላልፈው ምልክት ከመታየቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎና ምልክቱ በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ምልክት ያለበት ሰው ሳይመረመር ከቤት መውጣት ካሰበ 10 ቀን ለብቻው እንዲቆይ ነው የሚመክረው። እሑድ 13ኛ ቀንሽ ነው። ትኩሳቱ ካልተመለሰብሽና እየተሻለሽ ከሄደ አንቺ ከሌላው ሰው የተለየሽ አደጋ አይደለሽም። በነገራችን ላይ በፒሲአር፣ የቫይረሱን ዘር በሚፈልገው የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ድጋሚ ለመመርመር አትድከሚ። የሞተ የቫይረስ ቅሪት አፍንጫ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከዳነ ከአምስት ሳምንት በኋላ «አለብህ» ተብሎ በከንቱ ሲጨነቅ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ።

ከዳንኩ በኋላ ድፍረት መጣብኝ። የታመመ ጎረቤት እኔ አስታማሚ፣ ለቅሶ እኔ ፊት፣ ሠርግ እኔ ፊት። ማስክ አውልቄ ጣልኩ። «እኔ ወጥቶልኛል» እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ለወራት ምንም አልያዘኝም፤ ይኸው ነው ይበልጥ ያሳሳተኝ። ክትባቱ ለመምህራን ሲደርስ እንኳ «የተረፍኩትን በሽታ ለምን እከተባለሁ?» ብዬ ተውኩት።

ከዚያ የ2014 ገና መጣ። አንቺም የዚሁ አገር ልጅ ነሽና ያን ጊዜ ታስታውሺዋለሽ። ኅዳር ላይ ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ደብረ ሲና ቀርቦ ከተማችን በተፈናቃይ ተሞልታ ነበር። ጦርነቱ ራቅ ሲል ሰው ሁሉ ዘመዱን ለማየት ተንሰፈሰፈ። እኔም አባቴ አንኮበር ነው፤ ሦስት ወር አላየሁትም። ሰባ ሊሞላው የቀረው ጥቂት ዓመት ነው። ከድሮም አስም አለበት። በዚያው ሰሞን ኦሚክሮን የሚባለው አዲሱ ዝርያ አገር እያዳረሰ ነበር። እኔ ግን እሱን ለሌላ ሰው የመጣ ነገር አድርጌ ነበር የምሰማው።

የገና ዋዜማ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። አንድ ሁለቴ አስነጠሰኝ። ይኸው ነው፤ ትኩሳት የለ፣ ቁርጥማት የለ። የደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብዬ ጋቢዬን ደርቤ ተሳፈርኩ። አባዬ ቤት ደርሼ ተቃቀፍን፣ ተላቀስን። በር ተዘግቶ፣ ከሰል ተያይዞ፣ ስምንት ሰው በአንድ ክፍል እስከ እኩለ ሌሊት ስንጫወት አመሸን። እሱ አጠገብ መደቡ ላይ ነው የተኛሁት።

እኔ በሦስተኛው ቀን ድኜ ሥራ ገባሁ። ወንድሜ የደወለው በአምስተኛው ቀን ነው። አባዬ ያቃስታል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በኮንትራት መኪና ደብረ ብርሃን አመጣነው። ኮቪድ ነው ተባለ። 6 ቀን ኦክስጅን ላይ ነበር። እኔም ተመረመርኩ፤ ያቺ ጉንፋን ያልኳት ያው እሱ ሆና ተገኘች። አባዬ ክትባት አልወሰደም ነበር። «ለልጆቹ ይሁን፣ እኔ ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ» ብሎኝ እኔም ዝም ብዬው ነበር። ያቺ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፎልኛል።

አየሽ፣ «ወጥቶልኛል» ማለቴ ግማሹ እውነት ነበር። ሁለተኛው ጊዜ እኔን ምንም አላደረገኝም። አፍንጫዬ ውስጥ ግን ቫይረሱ ነበር፤ ከዚያም አልፎ አባቴ ሳንባ ገባ። የመከላከል አቅሜ እኔን ነው የጠበቀኝ፤ እሱን አልጠበቀልኝም። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከያዝሽልኝ ይህንን ያዢልኝ።

ለተማሪዎቼ እንዲህ እያልኩ ነው የማስረዳው። አንቺም የመንዝ ልጅ ነሽ፣ በግና ጅብ ታውቂያለሽ። ጅብ አንዴ በረት ገብቶ ከተባረረ በኋላ ባለቤቱ ውሻ በር ላይ ያስራል። ውሻው ሰውነታችን ቫይረሱን ለመከላከል የሚያዘጋጀው፣ ፀረ እንግዳ አካል የምንለው ነው። ጅቡ ገና ብቅ ሲል ይጮኻል፣ አያስገባም። ከዳንሽ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ይህ ውሻ ንቁ ነው፤ በዚያው ዓይነት ቫይረስ ወዲያው መልሶ የመያዝ ዕድልሽ ዝቅተኛ ነው። ወራት ሲያልፉ ግን ውሻው ይደክማል፤ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ጅቡም መልኩን ይቀይራል። ውሻው በፊት የሚያውቀው ጠረን ይጠፋና ሳይጮኽ ያሳልፈዋል። ኦሚክሮን ያደረገው ይህንን ነው፤ ከዚያ በፊት ከተያዘው ሰው ብዙውን በድጋሚ የያዘው ለዚህ ነው።

ከውሻው ሌላ ግን ጎረቤት አለ። እነዚህ በሽታውን የሚያስታውሱት ሕዋሳት ናቸው። በር ላይ አይቆሙም፣ በየቤታቸው ናቸው። ኡኡታ ሲሰሙ ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። እስኪደርሱ ግን ጥቂት ቀናት ይፈጃል። ጅቡ ግቢ ገብቷል፤ በጎቹ ጋ ግን አይደርስም። ለዚህ ነው ከባድ ሕመምን የሚከላከለው አቅም ከውሻው ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚቆየው። ለዚህም ነው ሁለተኛው ሕመም ለብዙ ሰው ቀለል የሚለው። እነዚያ ጎረቤት እስኪመጣ ያሉት ቀናት ናቸው አባቴ ጋ ያመሸሁባቸው።

ታዲያ ክትባት ምን ይጨምራል ትዪኝ ይሆናል። ታሞ የዳነ ሰው ሲከተብ ውሻውም ይነቃል፣ ጎረቤቱም ይበዛል። ከሕመም ብቻ ወይም ከክትባት ብቻ ከሚገኘው አቅም ሁለቱ ተደምረው የሚሰጡት ይበልጣል። ሳይታመሙ የመከላከል አቅም ማግኘት የሚቻለው ደግሞ በክትባት ብቻ ነው። እናትሽ ተከትበው እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ጠይቂልኝ። የአካባቢው ጤና ጣቢያ ዛሬ ክትባት አለ የለም የሚለውን ስልክ ደውለሽ አጣሪ።

የእሑዱን ጉዞ እንዲህ ብታደርጊው ደስ ይለኛል። ከመነሳትሽ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ራስሽን አዳምጪ። ጉሮሮ ቢከረክርሽ፣ ትኩሳቱ ቢመለስብሽ ቅሪ። እናትሽ ይቀየሙ ይሆናል፤ ይቀየሙ። አባዬን ኦክስጅን ላይ ከማየት «ዘንድሮ ልጄ ቀረችብኝ» ሲለኝ መስማት ስንት እጥፍ በተሻለኝ ነበር። ማስክሽን ሚኒባሱ ውስጥ አድርጊ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጣርማ በር ላይ ብርዱ ሲጀምር «ንፋስ ይመታናል፣ መስኮት ዝጉ» የሚል አይጠፋም። በመስኮት በኩል ተቀመጪና ጣት የምታስገባ ያህል ክፍት ተይው። መስኮቱ የአንቺ ከሆነ ማንም አይጣላሽም።

ሰው ጽዋውንና ጉርሻውን ነው የሚፈራው። እኔም እፈራ ነበር። ኮቪድ ዋና መተላለፊያው ግን የምንተነፍሰው አየር ነው። ጽዋው ለእያንዳንዱ በየብርጭቆው ቢቀዳ ጥሩ ነው፣ እጅ መታጠቡም ለብዙ በሽታ ይጠቅማል፤ ሆኖም ብርጭቆ ለይቶ በር ዘግቶ ማምሸት ከንቱ ድካም ነው። የኛ አገር ብርድ በር ያዘጋል፣ አውቃለሁ። መንዝ ደግሞ ከእኛ ይብሳል። ግን ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ አለች። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ጠላውም ጨዋታውም ደጅ ቢሆን ምን አለበት? ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ መሞቅ እንደሆነ ማንም አያስተምረንም። ቤት ውስጥ መሆን ግድ ከሆነም በሩ ገርበብ ይበል። ከሰል ከተያያዘማ በር መክፈቱ ከጭሱም ያድናል፤ በከሰል ጭስ ታፍኖ የሞተ ሰው በየክረምቱ እንሰማለን።

ማኅበርተኛው ሁሉ ማስክ ያድርግ ማለት አይቻልም፣ አልልሽም። ኮቪድ አስቸኳይ የዓለም ሥጋት መሆኑ ያበቃው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው፤ ቫይረሱ ግን አብሮን እየኖረ ነው። የሚያስነጥሰው ወይም የሚያስለው እንግዳ ካለ ብቻ ከእናትሽ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። በጨዋ ደንብ ይቻላል። «ጋሼ፣ እዚህ ፀሐይዋ ጥሩ ናት» ብትዪ ማንም አይከፋም።

ስለ ድካምሽም አንድ ነገር። ወጣት ነኝ ብለሽ እሑድ ድስት ለመሸከም፣ ውኃ ለመቅዳት አትሩጪ። እኔ ከመጀመሪያው ሕመም በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ትንሽ ዳገት ስወጣ ልቤ ይመታ ነበር። አንድ ቀን ደህና ነኝ ብዬ ልብስ አጥቤ ሁለት ቀን ተኛሁ። ትንሽ ሠርተሽ ትንሽ ዕረፊ። ድካሙ ሦስት ወር ካለፈው፣ ወይም ከዚያ በፊት ደረትሽን ከወጋሽና ትንፋሽ ካጠረሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

አባዬ ዛሬ ደህና ነው። ባለፈው ገና ስሄድ ከበሩ ሳልገባ «ያመመሽ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም ስለው በርጩማውን ራሱ ተሸክሞ ደጅ አወጣልኝ።

እናትሽ የስኳር መድኃኒታቸውን በፆም ሰሞን እንዳያቋርጡ አደራ በያቸው፤ ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ነው ኮቪድ የሚበረታበት። ስትመለሺ እንዴት እንደነበር ጻፊልኝ።